የሩበን አስክዊዝ የአገልግሎት መዝገብ

እሑድ ማርች 24 ቀን 1878 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በክራግቢ የድንጋይ ካባ ግርጌ አምስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ኢንስፔክተር ሜትካፍ፣ ኮንስታብል ዲንስዴል፣ የከተማው ሐኪም፣ አስከሬኑን ያገኘው የካባው ዘበኛ፣ እና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የሆነው ጨርቅ ነጋዴ ሚስተር ሆልሮይድ። ስድስተኛው ሩበን አስክዊዝ ነበር፤ እሱ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ከሰው ቁጥር ወጥቷል።

ሩበን በንግሥቲቱ ጦር ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት አገልግሎ በጡረታ የወጣ ተራ ወታደር ነው። ወደ ክራግቢ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን በግንባሩ ተደፍቷል፤ ኮቱ በጤዛ ርሷል፤ ከዘራው ከአጠገቡ ለሁለት ተሰብሯል።

ሐኪሙ ተንበርክኮ የሟቹን ራስ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አዞረ።

“ወድቆ ነው?” አለ ዲንስዴል።

“መውደቁንስ ወድቋል። ግን ከመውደቁ በፊት ማጅራቱን ተመትቷል። በድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ገፍተውታል።”

ሜትካፍ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። የትምባሆ ከረጢት፣ ቢላዋ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ “ቅዳሜ ሲመሽ ካባው አፋፍ ላይ ና። የጠየቅኸው ተጽፎ ተዘጋጅቷል።” ስም የለውም።

ሚስተር ሆልሮይድ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከላንካሸር የመጣ፣ ከጨርቅና ከጸሎት በቀር ሌላ እንደማያውቅ የሚናገር፣ የተከበረ ሰው ነው።

“ጎረቤትን ማማት አልወድም ኢንስፔክተር” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ነገር ግን ነፍስ ጠፍቷል። ትናንት ሲመሽ ከጸሎት ቤቱ በር ላይ ሆኜ ጃቤዝ ሃርከር ወደዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ።”

ዲንስዴል ወደ አለቃው ዞረ። የረቡዑን ጠብ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

*

ጃቤዝ ሃርከር የሠላሳ አራት ዓመት ሸማኔ ነው። ምላሱም እንደ መወርወሪያው አያርፍም። እሑድ ከምሳ በፊት ይዘውት ሲሄዱ ሚስቱ ታቢታ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ድረስ ተከተለችው፤ አልጮኸችም፤ ኮቱን ብቻ ይዛ መጣች።

“ይበርደዋል” አለች ለዲንስዴል። “ስጠው።”

ሜትካፍ ከእስረኛው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

“ረቡዕ ጠጅ ቤት ውስጥ ምን አልከው?”

“ቀልድ ነው የተናገርኩት።”

“ቀልዱን እኔም ልስማው።”

ጃቤዝ አንገቱን አቀረቀረ። “ጡረታ ሊቀበል ከወዲያኛው መንደር የመጣ አንድ ወታደር ነገረኝ። ሩበን ድሮ ዘብ ቆሞ ተኝቶ እስረኛ አስመልጧል አለኝ። እና ረቡዕ ጋዜጣውን እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ ሩበን ጥግ ይዞ ያዳምጣል፤ ‘ሩበን፣ ደሞ ተኛህ እንዴ? እስረኛው እንዳያመልጥህ’ አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።”

“እሱስ?”

“ከዘራውን አነሳ። ‘በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት ትመልሳለህ’ አለኝ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ‘አልተኛሁም የሚል ወረቀት አምጣና ባርኔጣዬን አውልቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ’ አልኩት። ያኔ ከዘራውን አወረደና ወጣ።”

“ቅዳሜ ሲመሽ የት ነበርክ?”

“ቤቴ።”

“ጎረቤቶችህ መስኮትህ ጨለማ ነበር ይላሉ። ሚስተር ሆልሮይድ ደግሞ ወደ ካባው ስትሄድ አይቶሃል።”

ጃቤዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።

የበላይ አለቃቸው ማታውኑ መጣ። ወረቀቱን አይቶ ጨረሰ። “ነገሩ ግልጽ ነው ሜትካፍ። ሩበን ቃልህን መልስ አለው፤ ጃቤዝ ደግሞ ‘ጽፌ መልሻለሁ፣ ና ውሰድ’ ብሎ ጠርቶ ገደለው። ረቡዕ ጠዋት ወደ ዮርክ ይላካል።”

ዮርክ የሄደ ነፍሰ ገዳይ በእግሩ እንደማይመለስ ታቢታም ታውቃለች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሰምታዋለች።

*

ሩበን የተከራየው ክፍል በመበለቷ ሚስስ ለንድ ቤት ነው። አልጋው እንደ ጦር ሰፈር አልጋ ተወጥሮ ተነጥፏል። ከሥሩ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አለች፤ በውስጧም ሁለት ሜዳሊያ፣ በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ የስንብት ብራና። ሜትካፍ ብራናውን በመስኮቱ ብርሃን አነበበው። ሩበን አስክዊዝ፣ ተራ ወታደር፣ በ1846 ተቀጥሮ በ1867 የተሰናበተ። ጠባይ፦ መልካም። አንድ ጊዜ በጦር ፍርድ ቤት የተቀጣ። ከታች በስሙ ፈንታ የመስቀል ምልክት አለ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚፈርመው?”

“በየሦስት ወሩ ጡረታውን ሲቀበል ሰው ሁሉ ያየዋል” አለች ሚስስ ለንድ። “እንዲችው መስቀሏን ጫር አድርጎ ይመለሳል። ምስኪን፣ ፊደል አልቆጠረም።”

“ይህን ወረቀት ማን አነበበለት ታዲያ?”

“እኔ አላነበብኩለትም። እኔ ራሴስ መቼ አውቄ።” ትንሽ አሰበች። “ዓርብ ማታ በበሩ ሥር ገብቶ ያገኘው ወረቀት ነበር። አየት አድርጎ ኪሱ ከተተው። ለማንም ሲያሳይ አላየሁም።”

“ባለፈው ሳምንት እንግዳ ነገር አላየሽበትም?”

“ሐሙስ ወደ ሚስተር ሆልሮይድ ሱቅ ሄደ። ሩበንና ጨርቅ ምንና ምን ናቸው? ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ‘ምን ልትገዛ ነው?’ ብለው ‘የሚሸጥ አይደለም’ አለኝ።”

ሜትካፍ መንገድ ተሻግሮ ሆልሮይድን ጠየቀው። ነጋዴው ሳይቸኩል መለሰ፦ “ለሜዳሊያዎቹ ጥብጣብ ፈልጎ ነበር። ቀለሙ አልነበረኝም።”

ደህና መልስ ነው። ዲንስዴል ግን ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ራሱን አከከ።

“አንድ ነገር አልገባኝም ጌታዬ። ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ መላክ ለዕውር መስተዋት እንደ መስጠት ነው። ጃቤዝ ይህን ያጣዋል?”

“እኔም እሱን ነው የማስበው። ወይ ጃቤዝን ለማሰቀል ሬሳው ኪስ ውስጥ የከተተው ሰው አለ። ወይ ደግሞ…”

“ወይ ምን?”

“ሚስስ ለንድ ዓርብ ማታ አይታዋለች። ከሞተ በኋላ የገባ ወረቀት አይደለም። ይህ ሰው ወረቀቱን አየት አድርጎ ኪሱ ከተተ፤ በማግስቱም በሰዓቱ ከቦታው ተገኘ።”

*

ሰኞ ጠዋት ሜትካፍ በባቡር ወደ ክፍለ ጦሩ ጽሕፈት ቤት ሄደ። የመዛግብቱ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ በልመር የተባለ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ በክር ታስሯል።

“አስክዊዝ፣ አስክዊዝ” እያለ መደርደሪያውን በጣቱ ዳሰሰ። “እዚህ የገባ ሰው አይጠፋም። ዓለም ላይ ይጠፋ ይሆናል እንጂ እዚህ አይጠፋም።”

አንድ ቀጭን ማኅደር አውጥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ሜትካፍ የአንድ ሰው ሃያ አንድ ዓመት ከሁለት ገጽ እንደማይበልጥ ሲያይ ደነቀው። ቁጥር 2417። ሥራ፦ የግንበኛ ረዳት። ዕድሜ፦ አሥራ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር። ቁመት፦ አምስት ጫማ ከስድስት ኢንች ተኩል። ዓይን፦ ግራጫ። ልዩ ምልክት፦ የለም። በ1854 ወደ ክራይሚያ ዘመተ። በ1858 አሥር አለቃ ሆነ። በ1859 ማዕረጉ ተገፈፈ። ከ1861 እስከ 1866 ህንድ አገር። ስንብት።

“የዓመት ሙሉ ብርድ በአንድ መስመር” አለ ሜትካፍ።

“ብርድ ለመጻፍ ዓምድ የለንም ጌታዬ።”

ሜትካፍ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ። “እዚህ ጋ አሥር አለቃ ሆኗል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሥር አለቃ ይሆናል?”

“ምኑን?” በልመር መነጽሩን አወለቀ። “አሥር አለቃ የዘቡን ስም ዝርዝር ይጽፋል፤ ትእዛዝ ያነባል። ማይም ከሆነ አንድ ቀን አያድርም። ይኸው፣ በ1857 ከክፍለ ጦሩ ትምህርት ቤት ጨርሷል። ማንበብና መጻፍ፦ ደህና።”

“በየሦስት ወሩ ግን በመስቀል ነው የሚፈርመው።”

ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። “ሲቀጠር በምን ፈረመ? በመስቀል። እንግዲህ የጡረታ ሹሙ የሚያየው ምንድን ነው? ፊርማህ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር መግጠሙን ነው። በኋላ ተምሬ ስሜን ጽፌያለሁ ብትለው ‘አንተ ያ ሰው አይደለህም’ ብሎ ስድስት ወር ያመላልስሃል። መዝገብ ላይ መስቀል ሆነህ ከገባህ እስክትሞት መስቀል ነህ። እኔ የማውቃቸው እንዲህ የሆኑ ሃያ ሰዎች አሉ።”

“ለጎረቤቶቹስ ለምን አልተናገረም?”

“ማዕረጉን የተገፈፈ ሰው የት ተማርክ ሲሉት ምን ይበል? አሥር አለቃ ነበርኩ ይበል? ቀጥሎ ለምን ተገፈፍክ ይሉታል።”

ሜትካፍ ገጹን ገለጠ። የጦር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ አራት መስመር ነው። አሥር አለቃ አስክዊዝ የእስር ቤት ዘብ ሳለ በመተኛቱ እስረኛ አምልጧል። ተከሳሹ ‘ተመትቼ ወደቅሁ እንጂ አልተኛሁም’ ብሏል። ደም ስላልታየ አልታመነም። ሃምሳ ስድስት ቀን እስራት።

“ያመለጠው ማን ነበር?”

በልመር ሌላ ማኅደር ፈልጎ አመጣ። “አሞስ ክሬክ። ሃምሳ አለቃውን በሳንጃ ወግቶ ገድሎ ፍርድ ይጠብቅ ነበር። አልተያዘም። ትምህርት ቤቱን ከአስክዊዝ ጋር ነው የጨረሰው፤ ስማቸው ጎን ለጎን ነው። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ከድቶ ተይዟል፤ ምልክት አለበት።”

“ምን ዓይነት ምልክት?”

“በዚያ ዘመን ጦሩን የከዳ ሰው ግራ ብብቱ ሥር በመርፌና በቀለም የከዳተኛ ፊደል ይነቀስ ነበር። አሁን ቀርቷል። የተነቀሱት ግን ይዘውት ይቀበራሉ።”

*

ማክሰኞ ጠዋት ሜትካፍ ወደ ጃቤዝ ገባ። ሸማኔው በሁለት ቀን ውስጥ ፊቱ ከስቷል።

“ሩበንን አንድ ቦታ ብትፈልገው እንዴት ትጠራው ነበር?”

“በሩን አንኳኩቼ ነዋ። ወይ የጎረቤት ልጅ እልክበታለሁ።”

“ደብዳቤስ?”

ጃቤዝ ትክ ብሎ አየው። “ለሩበን? ደብዳቤውን ይዤ ሄጄ እኔው ላነብለት ነው? እንዲህ ያለ ጅል አልፈለፈለችም እናቴ።”

ሜትካፍ ወንበሩን አስጠጋ። “ስማኝ ጃቤዝ። ነገ ጠዋት ጋሪው ይመጣል። ቅዳሜ የት እንደነበርክ አሁን ካልነገርከኝ የሚሰማህ ሰው አይኖርም።”



“የባላባቱ ጫካ ውስጥ” አለ ጃቤዝ በመጨረሻ። “ጥንቸል አጠምድ ነበር። ወጥመዶቼ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ዲንስዴልን ላከው። ብናገር ለጥንቸሉ ያስሩኛል፣ ለሩበንም አያምኑኝም ብዬ ነው።”

“በየት በኩል ሄድክ?”

“በመንገድ የሚሄድ አዳኝ አይተህ ታውቃለህ? በካባው ጀርባ፣ በቁጥቋጦው ሥር ጎንበስ ብዬ። ማንም አላየኝም።”

“ሆልሮይድ አይቶሃል። ከጸሎት ቤቱ በር።”

“ከጸሎት ቤቱ በር የካባው ጀርባ አይታይም። ኮረብታው አለ። እኔን ለማየት ካባው አፋፍ ላይ መቆም ነበረበት።”

ሜትካፍ ተነሳ። ኮረብታውን እሱም ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ወጥቶበታል። እሑድ ዕለት እንዴት እንዳላሰበው ግን አልገባውም፤ አፈረ።

ከዚያ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኦርጋን የምትጫወተውን ወይዘሪት ፕሩደንስን አገኘ። ቅዳሜ ሲመሽ የመዝሙር ልምምድ ነበር።

“ሚስተር ሆልሮይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ነበሩ?”

“ነበሩ። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ብቻ ለፋኖሱ ዘይት ሊያመጡ ወጡ። የመጨረሻውን ስንዘምር ተመለሱ።”

“ፋኖሱ ጎድሎ ነበር?”

ልጅቷ ግራ ተጋባች። “ጠዋት እኔ ራሴ ሞልቼው ነበር። ይህንኑ ብነግራቸው ‘ቢተርፍ ምን አለበት’ አሉኝ።”

*

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሜትካፍና ዲንስዴል ወደ ሱቁ ገቡ። ሆልሮይድ ሰማያዊ ጨርቅ እየለካ ነበር። ዲንስዴል በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈ።

“ሚስተር ሆልሮይድ” አለ ሜትካፍ፣ “ሩበን አስክዊዝ ማንበብ ይችል ነበር?”

“እኔ በምን አውቃለሁ?”

“ከተማውን ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም ሳያመነታ ‘አይችልም’ ይላል። ‘በምን አውቃለሁ’ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።”

ሆልሮይድ ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ፤ ጠርዝን ከጠርዝ እያገጠመ።

“ደብዳቤውን የላከ ሰው ሩበን እንደሚያነብ ያውቃል” ብሎ ቀጠለ ሜትካፍ። “የዚህ አገር ሰው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው በጦሩ ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የተማረ ነው። ያ ሰው ከከተማው ጋር ሁለት ዓመት መስቀሉን ሲያይ ኖሮ፣ ብዕር ሲያነሳ ግን የድሮው ሩበን ነው የመጣለት። ጃቤዝንም ያየው ከካባው አፋፍ ላይ ነው። ኮትዎንና ሸሚዝዎን ያውልቁልኝ። ግራ ክንድዎን ያንሱ።”

“ሚስቴ ፎቅ ላይ ናት” አለ ሆልሮይድ። “ቀስ ብለን እንነጋገር።”

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ግራ ብብቱ ሥር፣ ፊደሉ ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ቆዳው ተጨማዷል።

“በጋለ ብረት ነው” አለ። “ራሴው ነኝ። አንድ ወር አልተኛሁም።”

“ስምህ አሞስ ክሬክ ነው?”

“ነበር።” ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። “ሩበን ክራግቢ የመጣ ቀን ነው ያወቀኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‘እንደምን አደሩ ሚስተር ሆልሮይድ’ እያለ አለፈ። አንድ ቀን በድሮ ስሜ አልጠራኝም።”

“ታዲያ ለምን?”

“ሐሙስ መጣ። ‘አንድ መስመር ጻፍልኝ’ አለኝ። ‘አስክዊዝ አልተኛም፣ እኔ ነኝ የመታሁት፤ ይኸው ነው’ አለ። በየትኛው ስም ልፈርም ብዬ ጠየቅሁት። በሆልሮይድ ብፈርም ዋጋ የለውም። በክሬክ ብፈርም ገመድ ነው። ‘ልክ ነህ’ አለኝ። ትንሽ ቆሞ ‘ግን ጻፍልኝ’ አለ።”

ዲንስዴል ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

“እውነት ነበር?” አለ ሜትካፍ። “አልተኛም ነበር?”

“ውሃ ስጠኝ አልኩት። በሩን የከፈተው ለውሃ ነው። በባልዲው ማጅራቱን መታሁት።” ሆልሮይድ የታጠፈውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አኖረ። “በር መክፈቱን ለጦር ፍርድ ቤቱ ቢናገር ቅጣቱ ይብስበት ነበር። ስለዚህ ተመታሁ ብቻ አለ፤ ማንም አላመነውም። ቅዳሜ ካባው ላይ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ወረቀቱን ሊቀበል። እየጨለመ ነው፣ ወደ ጀንበር መጥለቂያው ብርሃን ዞር በልና አንብበው አልኩት። ባዶ ወረቀት ነበር የሰጠሁት። ዞር አለ።”

ፎቁ ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። ሆልሮይድ ባርኔጣውን ከመስቀያው አወረደ።

“በጓሮ በኩል እንውጣ” አለ።

*

ረቡዕ ጠዋት ጋሪው መጣ፤ ወደ ዮርክ የተሳፈረው ግን ሌላ ሰው ነው። ጃቤዝ የጣቢያውን ደረጃ ሲወርድ ታቢታ እጁን ያዘችው። ሜትካፍ ሁሉንም ነገር ከበሩ ሥር ቆመው ነገራቸው።

ጃቤዝ እስኪጨርስ ሰማው። “እኔ ወረቀት አምጣ ስላልኩት ነው የሄደው?”

 “አዎ” አለ ሜትካፍ።

ጃቤዝ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሚስቱን ይዞ በቀጥታ ጠጅ ቤት ገባ። ቀትር ላይ ነበር፤ ሸማኔዎቹና የካባው ሠራተኞች ሞልተዋል። መፈታቱን አይተው ሊቀበሉት ሲነሡ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ባለፈው ረቡዕ እዚህ የተናገርኩትን ሰምታችኋል” አለ። “ሩበን አስክዊዝ አልተኛም ነበር። የተጠማ ሰው ውሃ ጠይቆት በር ከፍቶ ነው የተመታው። እኔ ዋሽቻለሁ።”

ሊስቅ የጀመረ አንድ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሩበን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ሳጥኑን ስድስት ሰዎች ተሸከሙ፤ ከፊት በግራ በኩል የያዘው ጃቤዝ ነበር። ሜትካፍ መዝገቡ እንዲታረም ለጦር ሚኒስቴር ጻፈ፤ የሞተ ወታደር መዝገብ አይከፈትም የሚል መልስ መጣለት። በሚቀጥለው ሰኞ ጃቤዝ ሃርከር በጥንቸሎቹ ምክንያት ዳኛ ፊት ቀርቦ አሥራ አራት ቀን ተፈረደበት፤ ታሰረ፤ ጨርሶም ወጣ።